ወይዘሮ ቤርታ ቤንዝና የፍሬን ሸራ ዕድሜ

ከመኪና ዕቃዎች መካከል ራሱን እየጨረሰ የሚያገለግል ቢኖር የፍሬን ሸራ ነው። ሞተር ዘይቱ በጊዜው ከተለወጠለት ብዙ ዓመት ይሠራል፤ መሪውም ካምቢዮውም እንዲሁ። የፍሬን ሸራ ግን ነጂው ፍሬኑን በረገጠ ቁጥር ጥቂት በጥቂት ይፋቃል፤ መፋቁም ሥራው እንጂ ጉድለቱ አይደለም። ስለዚህ መኪና የያዘ ሰው ሁሉ፣ መኪናው የራሱም ይሁን የመንግሥት፣ ይህ ሸራ ገና ስንት ኪሎ ሜትር ያስኬደኛል ብሎ መጠየቁ አይቀርም። በሞተር ኃይል በሚሄድ ሠረገላ ሩቅ መንገድ ወጥተው ሳለ ይህ ጥያቄ በቁልቁለት ላይ የደረሰባቸው የመጀመሪያዋ ነጂ፣ ታሪክ መዝግቦ ባቆየልን መጠን፣ ወይዘሮ ቤርታ ቤንዝ ናቸው። የባላቸው የካርል ቤንዝ ስም በዓለም ጎዳናዎች ሁሉ ሲጠራ የእርሳቸውን ስም የሚያውቅ ብዙ ዘመን ጥቂት ሰው ብቻ ነበር። ሕይወታቸው ግን ለተማሪውም ሆነ በሥራ ላይ ላለው ወጣት ሊነገር የሚገባው ነው።

ቤርታ ሪንገር የተወለዱት ሜይ 3 ቀን 1849 ዓ.ም. ነው (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው)። የትውልድ ከተማቸው ፎርትስሃይም በዚያን ጊዜ በባደን መሳፍንት ግዛት ውስጥ የነበረች፣ ዛሬ በጀርመን አገር በደቡብ ምዕራብ በኩል የምትገኝ፣ በወርቅና በጌጣጌጥ ሥራ የታወቀች ከተማ ናት። አባታቸው በአናጢነትና በሕንጻ ሥራ ብዙ ሀብት ያፈሩ ሰው ነበሩ። እኚህ አባት የልጃቸውን የልደት ቀን በቤተሰቡ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ሲመዘግቡ፣ እንደገና ሴት ልጅ በመወለዷ ያደረባቸውን ቅሬታ ጨምረው እንደ ጻፉ ይተረካል። የዘመኑ አስተሳሰብ ይኸው ነበር። የባደን ዩኒቨርሲቲዎች ሴቶችን እንደ ወንዶቹ በሙሉ ተማሪነት መቀበል የጀመሩት በ1900 ዓ.ም. ሲሆን ያን ጊዜ ወይዘሮ ቤርታ የሃምሳ ዓመት ዕድሜ አልፈው ነበር። እንግዲህ እርሳቸው የተማሩት የኢንጂኒየርነት ትምህርት ሁሉ በሥራ ቤት ውስጥ፣ ከባላቸው ጎን ቆመው ያገኙት ነው።

ካርል ቤንዝን ያወቁት በ1869 ዓ.ም. ነው። ካርል በ1844 ዓ.ም. የተወለዱ፣ የባቡር ነጂ የነበሩት አባታቸው ገና በሕፃንነታቸው የሞቱባቸው፣ እናታቸው በችግር አሳድገው በካርልስሩኸ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ያስተማሩዋቸው ድኻ ኢንጂኒየር ነበሩ። ሀብታቸው አንድ ሐሳብ ብቻ ነበር፤ ይኸውም ያለ ፈረስ የሚሄድ ሠረገላ መሥራት ነው። በ1871 ዓ.ም. ከአንድ ሸሪክ ጋር ሁነው በማንሃይም ከተማ አነስተኛ የብረታ ብረት ሥራ ቤት አቋቋሙ። ሸሪኩ የማይታመን ሰው ሁኖ ስለ ተገኘ ሥራ ቤቱ ሊጠፋ ደረሰ። በዚያን ጊዜ ገና እጮኛ የነበሩት ቤርታ ለመዳሪያቸው የተመደበው ገንዘብ ከሠርጉ በፊት አስቀድሞ እንዲሰጣቸው አባታቸውን አስፈቀዱና የሸሪኩ ድርሻ በዚያ ገንዘብ ተገዛ። ሠርጉ የሆነው ከዚያ በኋላ ጁላይ 20 ቀን 1872 ዓ.ም. ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስታወስ ያስፈልጋል። ያላገባች ልጅ ሳሉ ገንዘባቸውን በመረጡት ሥራ ላይ ማዋል ይችሉ ነበር። ካገቡ በኋላ ግን በዘመኑ ሕግ መሠረት በንብረት ጉዳይ በራሳቸው ስም መዋዋል አልተፈቀደላቸውም። ስለዚህ ለድርጅቱ መነሻ የሆነው ገንዘብ የእርሳቸው ሲሆን በፈጠራው መብት ወረቀት ላይ ስማቸው አይገኝም።

ከጋብቻው በኋላ ያሉት ዓመታት የእጦት ዓመታት ነበሩ። የካርል ቤንዝ ሞተር በደንብ ሠርቶ የተሰማው በ1879 ዓ.ም. የመጨረሻ ሌሊት ላይ፣ የአዲሱ ዓመት ዋዜማ ሲከበር ነው። በ1883 ዓ.ም. አዲስ ኩባንያ ተቋቋመ፤ ጃንዋሪ 29 ቀን 1886 ዓ.ም. ደግሞ ባለ ሦስት እግሩ የሞተር ሠረገላ በቁጥር 37435 የፈጠራ መብት ተመዘገበለት። የመጀመሪያው ሠረገላ ሞተር ባለ አንድ ሲሊንደር፣ ጉልበቱም ከአንድ ፈረስ ጉልበት ያነሰ ነበር፤ ፍጥነቱ ቢበዛ በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር ነው። ሆኖም ገዢ አልተገኘም። ፈረሱን ያስደነግጣል፣ ይጮኻል፣ ይሸታል፣ ሩቅ መንገድም አይደፍርም እየተባለ ታማ። ካርል በበኩላቸው ሥራቸውን ማሻሻል እንጂ ማስተዋወቅ የማያውቁበት ሰው ነበሩ። ሠረገላው ከማንሃይም ዙሪያ ርቆ አልሄደም።

የማንሃይም ከተማ ያለችው በራይን ወንዝ ሜዳ ላይ ነው፤ አገሩ ለጥ ያለ ነው። ይህ ነገር ለታሪካችን ከሚታሰበው በላይ ዋጋ ያለው ስለሆነ አንባቢ ልብ ቢለው መልካም ነው።

በኦገስት ወር 1888 ዓ.ም. አንድ ቀን ማለዳ ወይዘሮ ቤርታ ሁለቱን ወንዶች ልጆቻቸውን፣ የ15 ዓመቱን ኦይገንንና የ13 ዓመቱን ሪቻርድን ይዘው ሠረገላውን ከሥራ ቤቱ አስወጡ። ለባላቸው አልነገሩም፤ ከሹማምንትም ፈቃድ አልጠየቁም። ሰበባቸው በፎርትስሃይም ያሉትን እናታቸውን መጠየቅ ሲሆን እውነተኛው ምክንያት ግን ሠረገላው ሩቅ መንገድ እንደሚችል ለዓለምም ለባላቸውም ለማሳየት ነበር። መንገዱ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከዚያ በፊት በሞተር ሠረገላ ይህን ያህል ርቀት የሄደ ሰው አልነበረም።

ምን እንዳደረጉ ስናስብ ድፍረቱ ቀላል ሁኖ እንዳይታየን። በሠረገላው ላይ ያለው ገንዘብ የመዳሪያቸው ገንዘብ ነው፤ የተቀመጡትም ልጆቻቸው ናቸው። ሠረገላው ተገልብጦ አንድ ልጅ ቢጎዳ ሐዘኑ በቤታቸው ብቻ አያቆምም ነበር፤ ይህ የሰይጣን ሠረገላ ነው የሚለው ሰው ሁሉ ማስረጃ ባገኘ፣ ኩባንያውም በዚያው ባከተመ ነበር። ነዳጅ ማደያ የሚባል ነገር በዓለም ላይ አልነበረም፤ መካኒክም የለም፤ መንገዱ የጋሪ መንገድ ነው።

ሠረገላው የሚይዘው ነዳጅ 4.5 ሊትር ብቻ ስለ ነበረ በዊስሎኽ ከተማ ከሚገኘው መድኃኒት ቤት ሊግሮይን የተባለውን፣ ሰዎች ለልብስ እድፍ ማጽጃ የሚገዙትን ፈሳሽ ገዙ፤ በዚህም ምክንያት ያ መድኃኒት ቤት የዓለም የመጀመሪያው የነዳጅ ማደያ እየተባለ ይጠራል። የነዳጁ ቱቦ ሲደፈን በባርኔጣቸው መርፌ ከፈቱት። የመብራቱ ሽቦ፣ ማለት ሞተሩን የሚያስነሣው የእሳት ሽቦ፣ ሽፋኑ ሲላጥ በእግር ሹራባቸው ማሰሪያ ጠቀለሉት። ሰንሰለቱን አንጥረኛ አበጀላቸው። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ውሃ እየተነነ ያልቅ ስለነበር ካገኙት ምንጭና ጉድጓድ ሁሉ እየቀዱ ይሞሉ ነበር። አቀበቱ ሲበረታ ልጆቹ ወርደው ከኋላ ይገፉ ነበር። ይህ ሁሉ በየመጽሐፉ የተተረከ ስለሆነ እኛ አናበዛውም። የኛ ነገር ከአቀበቱ ማዶ ያለው ቁልቁለት ነው።

የሠረገላው ፍሬን እንዲህ ነበር። ነጂው የእጅ ዘንግ ሲስብ የፍሬኑ እንጨት በኋላ እግር ላይ ይጫናል፤ በመፋተጉም ሠረገላውን ይይዘዋል። የፈረስ ጋሪም የሚቆመው በዚሁ መንገድ ስለ ነበር አዲስ ነገር አልነበረበትም። ልዩነቱ ጋሪ በቁልቁለት ላይ ፈረሱም የሚይዘው መሆኑ ነው። ይህ ሠረገላ ግን ፈረስ የለውም። በኮረብታው ላይ የፍሬኑ እንጨት እየተበላ ሄዶ መያዝ ሲያቅተው ወይዘሮ ቤርታ በፎርትስሃይም አቅራቢያ ባውሽሎት በምትባል መንደር ወደ አንድ ጫማ ሰፊ ሄደው በፍሬኑ እንጨት ላይ ቆዳ በሚስማር እንዲመታላቸው አደረጉ። ጫማ ሰፊው የሠራው የሰው ጫማ ሶል እንደሚመታው አድርጎ ነው። በመኪና ታሪክ ውስጥ የፍሬን ሸራ የተባለው ነገር የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ለምን በማንሃይም አልታወቀም ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ካርል ቤንዝ ጠንቃቃ ኢንጂኒየር ነበሩ፤ ሠረገላውንም ሁለት ዓመት ሙሉ ሞክረውታል። መልሱን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያለ ተማሪ በፊዚክስ ትምህርቱ ሊያገኘው ይችላል። በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር የሚሄድን ሠረገላ ፈጽሞ ለማቆም ፍሬኑ የሚውጠው ጉልበት፣ ያው ሠረገላ አንድ ሜትር ከፍታ ሲወርድ ከሚያገኘው ጉልበት ጋር እኩል ነው፤ የሠረገላው ክብደት ትልቅም ይሁን ትንሽ ስሌቱ አይለወጥም። እንግዲህ አንድ መቶ ሜትር ከፍታ ካለው ኮረብታ በፍሬን እየያዙ መውረድ ማለት መቶ ጊዜ ያህል ማቆም ማለት ነው። ሻካራው መንገድ ጥቂቱን ጉልበት ቢቀንስም የሚበዛው ለፍሬኑ ይተርፋል። በሜዳው በማንሃይም ሠረገላው በቀን አሥር ጊዜ ቢቆም ፍሬኑ የአሥር ሜትር ቁልቁለት ሥራ ብቻ ሠራ ማለት ነው። ሁለት ዓመት በሜዳ የተመላለሰ ፍሬን የማያሳየውን ነገር አንድ ኮረብታ በግማሽ ሰዓት ያሳያል።

የፍሬን ሸራን ዕድሜ በኪሎ ሜትር ብቻ የሚቆጥር ሰው የሚሳሳተውም በዚሁ ምክንያት ነው። የዛሬው መኪና ከሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲቆም የሚያጠፋው ጉልበት 14 ሜትር ያህል ከፍታ ከመውረድ ጋር ይስተካከላል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርድ ሰው ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ዝቅ ይላል፤ ማርሽ ቀንሶ ሞተሩ እንዲይዘው ካላደረገ፣ ይልቁንም በፎሌ ከለቀቀው፣ ለእያንዳንዱ ሺህ ሜትር ሸራው 70 ጊዜ ከ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እንደ ቆመ ይቆጠራል፤ ያውም በመካከሉ ለመቀዝቀዝ ጊዜ ሳያገኝ። ፍጥነት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ፍሬኑ የሚውጠው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ በአንድ ፋብሪካ፣ በአንድ ዓመት የተሠሩ ሁለት መኪናዎች አንደኛው ሸራውን በ20,000 ኪሎ ሜትር ሲጨርስ ሁለተኛው 80,000 ቢያስኬደው ሊደንቀን አይገባም።

ታዲያ ዕድሜውን መገመት አይቻልም ማለት ነውን? ይቻላል፤ የሚቻለውም ወይዘሮ ቤርታና ጫማ ሰፊው በፈጠሩት ነገር ምክንያት ነው። ቀድሞ የሚያልቀው ፍሬኑ ራሱ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን የሚያልቀው በላዩ የተለጠፈው ሽፋን ሆነ፤ ሽፋን ደግሞ ውፍረት አለው፤ ውፍረት ይለካል፤ ያለቀውም በአዲስ ይተካል።

አለካኩ እንዲህ ነው። አዲስ የዲስክ ፍሬን ሸራ በብዙ መኪናዎች ላይ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። እዚህ ላይ የሚለካው የሚፋቀው ክፍል ብቻ መሆኑን፣ ከኋላው ያለው የብረት ሳህን አብሮ እንደማይቆጠር ማወቅ ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው ሸራዬ ገና ወፍራም ነው ብሎ የሚታለለው ብረቱን ጨምሮ ስለሚያይ ነው። ሸራው ሲገባ ውፍረቱና የኪሎ ሜትር መቁጠሪያው ንባብ በደብተር ይጻፋል። ሸራው ሲገባ 12 ሚሊ ሜትር ነበር እንበል። መኪናው 18,000 ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ ሲለካ 9 ሚሊ ሜትር ሁኖ ተገኘ። ያለቀው 3 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስለዚህ አንዱ ሚሊ ሜትር 6,000 ኪሎ ሜትር አስኬደ ማለት ነው። ሸራው ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ሳይወርድ መለወጥ ስላለበት የቀረው መጠቀሚያ 6 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህም በሒሳብ 36,000 ኪሎ ሜትር ይሆናል።

ይሁን እንጂ በወረቀት ላይ የተገኘውን ቁጥር እንዳለ ማመን አይገባም። ሸራው እየሳሳ ሲሄድ ሙቀቱን የሚሸከምለት አካል ስለሚያንስ ይበልጥ ይግላል፤ ይህም ሙቀት ወደ ፍሬን ዘይቱ ይዘልቃል። ስለዚህ ከተገኘው ቁጥር ሩቡን ቀንሶ 27,000 ኪሎ ሜትር ብሎ መያዝና በመካከሉ አንድ ሁለት ጊዜ እንደገና መለካት ይሻላል። የሚለካውም ከሁሉ የሳሳው ሸራ ነው። መኪና ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚዘነብል የፊት ሸራዎች ከኋላዎቹ ፈጥነው ያልቃሉ፤ በአንዱ ጎማ ውስጥም የውስጥ በኩሉና የውጭ በኩሉ እኩል ላያልቁ ይችላሉ፤ ከውጭ ብቻ አይቶ የሚፈርድ ሰው የውስጡን ሳያይ ይቀራል። በተለይም መኪናው ሥራ ከለወጠ፣ ማለት በከተማ ሜዳ ይመላለስ የነበረ መኪና ወደ ተራራማ ወረዳ ከተላከ፣ የቀድሞው ሒሳብ ፈርሶ አዲስ መለካት ይጀመራል። የማንሃይሙ ልምድ ለፎርትስሃይም ኮረብታ አልሆነም።

ለሰነፍ ነጂ ማስጠንቀቂያ እንዲሆን በብዙ ሸራዎች ላይ ትንሽ የብረት ምላስ ተደርጎባቸዋል፤ ሸራው ሲያልቅ ምላሱ ዲስኩን እየነካ ይጮኻል። የፍሬን ዘይቱም በመያዣው ውስጥ ቀስ በቀስ ዝቅ ማለቱ ሸራው መሳሳቱን ያመለክታል፤ ዘይት ጨምሮ ዝም ማለት ግን ምልክቱን ማጥፋት ይሆናል። በዘመናችን በኤሌክትሪክ የሚሄዱ መኪናዎች ሲያቆሙ ሞተራቸው ራሱ ጉልበቱን መልሶ ወደ ባትሪ ስለሚከተው ሸራቸው ብዙ ይቆያል።

ወደ ታሪካችን እንመለስ። ወይዘሮ ቤርታና ልጆቻቸው በዚያው ቀን ሲመሽ ፎርትስሃይም ደረሱና ለካርል ቤንዝ ቴሌግራም ላኩ። ከጥቂት ቀናት በኋላም በሌላ መንገድ ወደ ማንሃይም ተመለሱ። ደርሶ መልሱ 194 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሲመለሱ ለባላቸው ያመጡላቸው ምስጋና ብቻ አልነበረም፤ ጉድለቶቹንም ቆጥረው አመጡላቸው። አቀበት ላይ ጉልበት እንደሚያንሰው ስለ ተነገራቸው ካርል ለኮረብታ የሚሆን ዝቅተኛ ማርሽ ጨመሩበት፤ ፍሬኑም በቆዳ ተሸፈነ። በእኛ አስተያየት የዚያ ጉዞ ትልቁ ፍሬ ከዝናው ይልቅ ይህ ነው፤ አንድ ሰው ዕቃውን ወደሚሠራበት ቦታ ወስዶ፣ ጉድለቱን አይቶ፣ ለሠሪው በትክክል መናገር የቻለበት ጉዞ ነበርና። በሚቀጥለው ወር በሴፕቴምበር 1888 ዓ.ም. ሠረገላው በሙኒክ ኤግዚቢሽን ቀርቦ የወርቅ ሜዳይ ተሸለመ። ገዢዎችም መምጣት ጀመሩ።

ቆዳው ግን ብዙ ዘመን አልገዛም። መኪናዎች ሲፈጥኑና ሲከብዱ ቆዳ በሙቀት እየተቃጠለ አስቸገረ። በ1897 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በደርቢሽር ኮረብታማ አውራጃ ሄርበርት ፍሩድ የተባሉ ሰው ለጋሪና ለመኪና ፍሬን የሚሆን የተሻለ ሽፋን መሥራት ጀመሩ። ድርጅታቸውን ፌሮዶ አሉት፤ ስሙ የራሳቸው ስም ፊደላት ተዘዋውረው፣ ኤልሳቤጥ ከሚባለው ከሚስታቸው ስም አንድ ፊደል ተጨምሮበት የወጣ ነው። በኢጣልያንኛ ቋንቋ ይህ ስም እስከ ዛሬ የማንኛውም ፍሬን ሸራ መጠሪያ ሁኖ ይነገራል። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት አስቤስቶስ የተባለው እሳት የማይበላው ማዕድን ለሸራ ሲያገለግል ቆየ፤ አቧራው የሳንባ በሽታና ካንሰር ማምጣቱ በመረጋገጡ በብዙ አገሮች ተከለከለ። የዛሬው ሸራ ከልዩ ልዩ ጭረት፣ ከብረት ብናኝና ከማጣበቂያ ሙጫ ተቀላቅሎ የሚሠራ ነው።

የቤንዝ ኩባንያ በ1894 ዓ.ም. ቬሎ የተባለችውን ትንሽ መኪና አውጥቶ በብዛት መሸጥ ቻለ። በ1899 ዓ.ም. በአንድ ዓመት ውስጥ 572 መኪናዎች በመሥራት በዓለም ላይ ትልቁ የመኪና ፋብሪካ ሁኖ ነበር። በዚህ ሁሉ መካከል ወይዘሮ ቤርታ አምስት ልጆች አሳድገዋል። በ1903 ዓ.ም. ካርል ከኩባንያው የሥራ አመራር ወጡ፤ ቤተሰቡም ወደ ላደንቡርግ ከተማ ሄዶ በ1906 ዓ.ም. ከወንዶቹ ልጆች ጋር ሌላ ፋብሪካ አቋቋመ። ያ የኮረብታው ጉዞ ልጅ የነበሩት ኦይገንና ሪቻርድ ጎልማሶች ሁነው መኪና ሠሪዎች ሆኑ። በ1925 ዓ.ም. ካርል የሕይወታቸውን ታሪክ በመጽሐፍ ሲያወጡ፣ ድርጅታቸው ሊሰጥም በቀረበባቸው ቀናት ከጎናቸው ሳትለይ የቆየች አንዲት ሰው ባለቤታቸው እንደ ነበሩ መሰከሩ። በ1926 ዓ.ም. የቤንዝና የዳይምለር ኩባንያዎች አንድ ሆኑ። ካርል ቤንዝ ኤፕሪል 4 ቀን 1929 ዓ.ም. በላደንቡርግ ሞቱ።

ወይዘሮ ቤርታ ከባላቸው በኋላ አሥራ አምስት ዓመት ኖሩ። ሜይ 3 ቀን 1944 ዓ.ም. ዘጠና አምስት ዓመት በሞላቸው ዕለት ባላቸው የተማሩበት የካርልስሩኸ የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት የክብር ሴናተር የሚል ማዕረግ ሰጣቸው። በወጣትነታቸው በር ዘግቶ የነበረው ዓለም ያከበራቸው በዚህ ዕድሜ ነው። ከሁለት ቀን በኋላ ሜይ 5 ቀን 1944 ዓ.ም. ዐረፉ።

በ2008 ዓ.ም. ከማንሃይም እስከ ፎርትስሃይም ደርሶ መልስ ያለው መንገድ በስማቸው ተሰይሞ ምልክት ቆመለት። መንገዱ መድኃኒት ቤቱ ባለበት በዊስሎኽና ጫማ ሰፊው ቆዳውን በመታባት በባውሽሎት መንደር በኩል ያልፋል።